የሌሊቱን ሰማይ ፎቶግራፍ ያነሣው የፎቶ ቤት ልጅ

ስለ ሥነ ፈለክ ሊቃውንት ሲነሣ ለብዙዎቻችን ቶሎ የሚታወሱን ጋሊሌዮና ኒውተን ናቸው። እነሱማ በመማሪያ መጻሕፍቱ ውስጥ አሉ። በዚህ እትም የምናወሳው ግን ከነሱ ብዙ ዘመን በኋላ የተነሣውን፣ ትምህርት ቤት ደጃፍ የረገጠው ለሁለት ወር ያህል ብቻ ሆኖ ሳለ የፍኖተ ሐሊብን ፎቶግራፍ በማንሣት ስሙን ያስጠራውን አሜሪካዊ ኤድዋርድ ኤመርሰን ባርናርድን ነው። የመረጥነውም ሊቅነቱን ለማድነቅ ብቻ አይደለም። ይህ ሰው በገዛ እጁ ባነሣቸው ፎቶግራፎች ላይ ያየው ነገር ምን እንደ ሆነ ለመቀበል ከሃያ ዓመት በላይ ፈጅቶበታል። ማየትና ማወቅ ምን ያህል እንደሚራራቁ ለማሳየት ከሱ ታሪክ የተሻለ ስላላገኘን ነው። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባብያን ልብ ይበሉልን።

ባርናርድ የተወለደው በቴኔሲ ክፍለ ግዛት በናሽቪል ከተማ፣ ዲሴምበር 16 ቀን 1857 ነው። አባቱ ልጁ ከመወለዱ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ ስለ ሞተ አባቱን አላወቀውም። እናቱ ኤሊዛቤት ከሰም አበባ እየሠራች በመሸጥ ሁለት ወንዶች ልጆቿን ታሳድግ ነበር። የሰም አበባ ደግሞ ሰው ጠግቦ ሲያድር የሚገዛው ነገር ነው፤ ገና ልጁ አራት ዓመት ሳይሞላው የአሜሪካ የርስ በርስ ጦርነት ፈነዳና ማን አበባ ይገዛል! ከተማዋ በጦር ሠራዊት ተያዘች፤ ችግሩ ጸና። በከምበርላንድ ወንዝ ላይ የወታደር ስንቅ የጫነ መርከብ በሰጠመ ጊዜ ትንሹ ባርናርድ ከሌሎች ልጆች ጋር እየዋኘ ደረቁን የወታደር ብስኩት ከውኃ ውስጥ ያወጣ ነበር። ጦርነቱ በ1865 ሲያበቃ ደግሞ ኮሌራ መጣ። እሱም ታሞ ለጥቂት ነው የተረፈው።

ማንበብ ያስተማረችው እናቱ ናት። በበጋ ሌሊት በጓሮ ተጥሎ በነበረ አሮጌ ጋሪ ላይ በጀርባው ተንጋሎ ከዋክብትን ይመለከት እንደ ነበረ ከጊዜ በኋላ አውስቷል። ከሁሉ የምትደምቀውን፣ ከአናቱ በላይ የምትወጣውን አንዲት ኮከብ በተለይ ይወዳት ነበር፤ ስሟን ግን አያውቅም፤ የሚነግረውም አልነበረም። ስሟን ለማወቅ ከአሥር ዓመት በላይ መጠበቅ ነበረበት።

ዘጠኝ ዓመት ሳይሞላው እናቱ ቫን ስታቮረን ከሚባል ሰው ፎቶ ቤት አስቀጠረችው። ሥራው እንዲህ ነው። በዚያን ዘመን ፎቶግራፍ አጉልቶ ለማተም የሚበቃ የኤሌክትሪክ መብራት አልነበረም፤ ወረቀቱም ብርሃን ቶሎ የሚቀበል ዓይነት አይደለም። ስለዚህ በፎቶ ቤቱ ጣሪያ ላይ አንድ ግዙፍ ማጉያ ተተክሎ ነበር፤ ስሙንም ጁፒተር ብለውታል። የፀሐይ ብርሃን በትልቅ ሌንስ ገብቶ፣ በኔጌቲቩ አልፎ፣ ወረቀቱ ላይ ያርፋል። አንድ ሥዕል እስኪያልቅ ድረስ ረጅም ጊዜ ይወስዳል። ፀሐይ ደግሞ አትቆምም። እንግዲህ አንድ ሰው ቀኑን ሙሉ ከማሽኑ አጠገብ ቆሞ ሁለት የእጅ መዘውሮችን በዝግታ እያዞረ ማጉያውን ፀሐይን ማስከተል አለበት። ከባርናርድ በፊት የተቀጠሩት ልጆች ሙቀቱና መሰልቸቱ ተደርቦባቸው እንቅልፍ ይጥላቸው ነበር። ይሄ ልጅ ግን አልተኛም።

አለመተኛት ብቻ ቢሆን ባላወሳነውም ነበር። ልጁ በየቀኑ ፀሐይን ሲከተል አንድ ነገር ታዘበ፤ የቤተ ክርስቲያኑ ደወል እኩለ ቀን ብሎ ሲደወል ፀሐይ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ አትገኝም፤ አንዳንድ ወራት ትቀድማለች፣ አንዳንድ ወራት ትዘገያለች። ይህ ልዩነት በዓመት ውስጥ እስከ 16 ደቂቃ እንደሚደርስ የሥነ ፈለክ ሰዎች ከጥንት ጀምሮ ያውቁታል፤ የሚመጣውም መሬት ፀሐይን የምትዞርበት መንገድ ፍጹም ክብ ባለመሆኑና ዛቢያዋ በማዘንበሉ ነው። ባርናርድ ይህን የነገረው መምህርም ሆነ መጽሐፍ አልነበረም። ደወልና መዘውር ነበሩት፤ ራሱ ደረሰበት። በፎቶ ቤቱ በጠቅላላው አሥራ ሰባት ዓመት ያህል ሠርቷል። ፎቶ ማጠብን፣ ማተምን፣ ሌንስ መምረጥን፣ በጨለማ ክፍል መሥራትን አንድ በአንድ የተማረው እዚያ ነው።

ወደ መጽሐፍ የደረሰውም በእዳ ምክንያት ነበር። በ1876 አንድ ሰው 2 ዶላር ተበድሮት መያዣ ይሁንህ ብሎ አንድ አሮጌ መጽሐፍ ትቶለት ሄደ። ገንዘቡም አልተመለሰም። ባርናርድ 2 ዶላሩ እንደ ቀለጠ ገብቶት ተናደደ፤ ለደኻ ልጅ ቀላል ገንዘብ አይደለም። ኋላ ግን መጽሐፉን ቢገልጠው ቶማስ ዲክ የተባለ ስኮትላንዳዊ ስለ ሥነ ፈለክ የጻፈው ሆኖ አገኘው። ውስጡም የከዋክብት ካርታ ነበረ። ካርታውን ይዞ በመስኮቱ ሰማዩን ሲያስተያይ ያቺ የልጅነት ኮከቡ ቬጋ የምትባል ሆና ተገኘች። በዓመቱ ውስጥ ባለ 5 ኢንች ቴሌስኮፕ በ380 ዶላር ገዛ። ዋጋው የዓመት ገቢውን ሁለት ሦስተኛ ያህል ነበር፤ ያውም እናቱን እያስተዳደረ።

በ1877 የአሜሪካ የሳይንስ እድገት ማኅበር ጉባኤውን በናሽቪል አደረገ። የማኅበሩ ፕሬዚዳንት ሳይመን ኒውኮም በዘመኑ ከታወቁት የሥነ ፈለክ ሊቃውንት አንዱ ነበር። ባርናርድም ተዋወቀውና በቴሌስኮፑ ምን ቢሠራ እንደሚሻል ጠየቀው። ኒውኮም ሒሳብ የማያውቅ ሰው በሥነ ፈለክ ብዙ እንደማይራመድ፣ ምናልባት በትንሿ ቴሌስኮፕ ጅራታም ኮከብ ቢፈልግባት እንደሚሻል ነገረው። የአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ወጣት ከጉባኤው አዳራሽ ወጥቶ ከምክር ቤቱ ሕንጻ ትልልቅ ዐምዶች ከአንዱ ጀርባ ተደብቆ አለቀሰ።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ብንል የሚከፋው ያለ አይመስለንም፤ ነገሩ የኛው የሙያ ጉዳይ ነውና። ኒውኮም ራሱ በልጅነቱ መደበኛ ትምህርት ያላገኘ፣ በራሱ ጥረት የተማረ ሰው ነበር። ታዲያ ሌላውን እንዴት እንዲህ ይለዋል? እኛ የዚህ ጋዜጣ አዘጋጆች በዚህ ነጥብ ላይ ተከራክረን አልተስማማንም። ግማሾቻችን ኒውኮም የተናገረው እውነት ስለ ሆነ ማለዘብ አያስፈልገውም እንላለን። ሌሎቻችን ደግሞ እውነትም ቢሆን ለማን፣ መቼ፣ በምን ዓይነት ድምፅ እንደሚነገር ማወቅ የመምህርነት ግማሹ ነው ባዮች ነን። ባርናርድ ግን እንባውን ጠርጎ ሁለቱንም ምክር በሥራ አዋለ፤ ሒሳብ የሚያስጠናው ሰው ፈለገ፤ ጅራታም ኮከብም ማደን ጀመረ።

በ1881 ከፎቶ ቤት የሥራ ባልደረባው እኅት ከሮዳ ካልቨርት ጋር ተጋባ። በዚያው ዓመት በግንቦት አንድ ጅራታም ኮከብ ያየ መሰለው፤ ግን ዳግመኛ ሳያገኘው ጠፋበት። በመስከረም ሌላ አገኘ፤ ይሄኛው ተረጋገጠለት። ዋርነር የተባለ ባለጸጋ አዲስ ጅራታም ኮከብ ላገኘ ሁሉ 200 ዶላር ሽልማት ይሰጥ ስለ ነበር ወጣቶቹ ባልና ሚስት በዚህ ገንዘብ አነስተኛ ቤት መሥራት ጀመሩ። የቤቱ እዳ መክፈያ ቀን በደረሰ ቁጥር አንድ ጅራታም ኮከብ ብቅ ይላል እየተባለ ይቀለድ ነበር። ቤቱም የጅራታም ኮከብ ቤት ተባለ። በ1883 በከተማው የሚገኘው የቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ ትንሽ የድጎማ ገንዘብና መኖሪያ ሰጥቶ እያስተማረ ቴሌስኮፑን እንዲያስተዳድርለት ወሰደው። የሃያ አምስት ዓመት ሰው፣ ባለትዳር፣ በፎቶ ቤት ካረጀ በኋላ ነው እንግዲህ ተማሪ የሆነው።

በ1888 ካሊፎርኒያ ውስጥ በሃሚልተን ተራራ ላይ፣ ከባሕር ወለል 1,280 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ በተሠራው የሊክ ኦብዘርቫቶሪ ተቀጠረ። በዚያን ጊዜ በዓለም ትልቁ የሌንስ ቴሌስኮፕ እዚያ ነበር፤ የሌንሱ ስፋት 36 ኢንች ወይም 91 ሴንቲሜትር ነው። ባርናርድ ግን ትልቁን ቴሌስኮፕ እንደ ልቡ እንዲጠቀም አልተፈቀደለትም። ከዳይሬክተሩ ከኤድዋርድ ሆልደን ጋር ዓመታት የቆየ ጭቅጭቅ ነበራቸው። እሱ ታዲያ ኩርፊያ ላይ አልተቀመጠም፤ ሰው የናቀውን ዕቃ አነሣ።

ይህ ዕቃ ከሳን ፍራንሲስኮ ከአንድ ፎቶ ቤት የተገዛ አሮጌ የፎቶግራፍ ሌንስ ነበር። ሠሪው ዊላርድ ስለሚባል የዊላርድ ሌንስ ይባላል። ስፋቱ 6 ኢንች ሲሆን የተሠራው ለሰማይ ሳይሆን በወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው መልክ ለማንሣት ነው። የጥንቱ የፎቶ መስታወት ብርሃን ቶሎ ስለማይቀበል ተነሺው ሳይነቃነቅ ብዙ ጊዜ መቀመጥ ነበረበት፤ ይህን ለማሳጠር ፎቶ ቤቶች ሰፊና አጭር፣ ብርሃንን በትንሽ ቦታ አጥብቆ የሚያከማች ሌንስ ይገዙ ነበር። ትልቅ ቴሌስኮፕ አንዲት ነጥብ አቅርቦ ያጎላል፤ ሰፊውን ሰማይ ግን አያይም፤ ፈዛዛ ብርሃንንም በሰፊው ስለሚበትነው ያሳሳዋል። እንደ ፍኖተ ሐሊብ ያለ ሰፊና ደብዛዛ ነገር ለማንሣት የሚሻለው የፎቶ ቤቱ ሌንስ ነው። ይህን ነገር ከፎቶ ቤት ልጅ የበለጠ ማን ይረዳዋል?

ለመሆኑ ለምን ፎቶግራፍ አስፈለገ? ሰው በዓይኑ ቢያይ አይበቃም? አይበቃም፤ ዓይናችን ብርሃንን አያጠራቅምም። አንድን ደብዛዛ ነገር አንድ ሰዓት ብናፈጥበት ጨለማውን ከለመድን በኋላ ምንም አይጨምርልንም። የፎቶ መስታወት ግን ጣሪያ ከሚያፈስ ውኃ ሥር እንደ ተቀመጠ ማሰሮ ነው፤ ጠብታዋ ብታንስም ከቆየ ይሞላል። ችግሩ መሬት መዞሯ ነው። በሰዓት 15 ዲግሪ ስለምትዞር ካሜራው ዝም ብሎ ቢቀመጥ ከዋክብቱ ነጥብ መሆናቸው ይቀርና መስመር ይሆናሉ። ስለዚህ ካሜራው በሰዓት መዘውር ሰማዩን እንዲከተል ይደረጋል። የያኔው መዘውር ደግሞ ይሳሳታል። ባርናርድ ካሜራውን ከሌላ ቴሌስኮፕ ጋር አጣብቆ ካሰረ በኋላ በቴሌስኮፑ ውስጥ አንዲት ኮከብ መርጦ በመስቀለኛ ክር ላይ ያስቀምጣታል፤ ከክሩ ፈቀቅ ባለች ቁጥር በእጁ እያስተካከለ ይመልሳታል። ይህን ለሦስት፣ ለአራት፣ አንዳንዴም ለስድስት ሰዓት ዓይኑን ሳይነቅል ያደርገዋል። የጣሪያው ልጅ ጁፒተርን እያዞረ ፀሐይን ሲያስከትል የሠራው ሥራ፣ አሁን በሌሊት ተደገመ ማለት ነው።

በ1889 በነሐሴ ወር፣ ከሦስት ሰዓት በላይ ብርሃን በተቀበለ መስታወት ላይ የፍኖተ ሐሊብ መካከለኛ ክፍል ወጣ። መስታወቱ ታጥቦ ሲታይ ዓይን እንደ ጭጋግ ብቻ የሚያየው ነገር እልፍ አእላፍ ከዋክብት ክምር ሆኖ ተገኘ። ከዚህ በፊት የሰማይ ፎቶግራፍ ያነሡ ሰዎች ነበሩ፤ የፍኖተ ሐሊብን ደመናማ አካል እንዲህ አጉልቶ ያወጣ ግን አልነበረም። ሥዕሉ ላይ ሌላም ነገር ነበር። በከዋክብቱ ክምር መካከል ጥቁር ስንጥቆች፣ ጥቁር ወንዞች፣ የተበሳ የሚመስሉ ክብ ጥቁር ነጥቦች ይታያሉ። ዋናው ታሪካችን እነዚህ ናቸው።

ከሱ አስቀድሞ ግን ጁፒተርን ሳንጠቅስ ማለፍ አይሆንልንም። በ1892 ባርናርድ በሳምንት አንድ ሌሊት፣ ዓርብ ዓርብ፣ በትልቁ ቴሌስኮፕ እንዲሠራ ተፈቀደለት። ሴፕቴምበር 9 ቀን ዓርብ ሌሊት በጁፒተር አጠገብ በብርሃኑ ልትዋጥ ጥቂት የቀራት ደብዛዛ ነጥብ አየ፤ አምስተኛዋ ጨረቃ ነበረች። ጋሊሌዮ አራቱን በ1610 ካገኘ ወዲህ 282 ዓመት ሙሉ ማንም ሌላ አላገኘም ነበር። የልጅነት ማሽኑ ስም ጁፒተር መሆኑ መገጣጠም ነው እንጂ ትንቢት አይደለም፤ ቢሆንም ደስ ይላል። በዚያው ዓመት ኦክቶበር 12 ደግሞ በፎቶ መስታወት ላይ ጅራታም ኮከብ አገኘ። በፎቶግራፍ የተገኘ የመጀመሪያው ጅራታም ኮከብ ይሄ ነው። ብዙ ሳይቆይ ጠፍቶ፣ እንደገና የታየው በ2008 ነበር።

በ1895 ከሆልደን ተለይቶ የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ በዊስኮንሲን ክፍለ ግዛት ወዳሠራው ወደ የርከስ ኦብዘርቫቶሪ ሄደ። የቦታው ክረምት ብርቱ ነው፤ ሙቀቱ ከዜሮ በታች 25 ዲግሪና ከዚያም በታች ይወርዳል። የቴሌስኮፕ ቤት ደግሞ እሳት አይነድበትም፤ ሙቅ አየር ምስሉን ያንቀጠቅጠዋል። ባርናርድ ሰማዩ ጠርቶ ተኝቶ ያደረበት ሌሊት አልነበረም ቢባል ማጋነን አይሆንም። ካተሪን ብሩስ የተባለች ባለጸጋ ሴት በ1897 በሰጠችው 7,000 ዶላር ሰፊ ሰማይ የሚያነሣ ባለ 10 ኢንች ካሜራ ተሠራለት። ሌንሱ በትክክል ተስሎ እስኪወጣ ዓመታት አልፈው በ1904 ተጠናቀቀ። በ1905 ካሜራው ወደ ካሊፎርኒያ ዊልሰን ተራራ ተጓጉዞ ባርናርድ እዚያ ለወራት ሠራ፤ ወደ 500 የሚጠጋ መስታወት አነሣ። ዊልሰን ተራራ ከዊስኮንሲን ይልቅ ወደ ምድር ወገብ ስለሚቀርብ ደቡባዊው የፍኖተ ሐሊብ ክፍል ከፍ ብሎ ይታይበታል።

ይህን ክፍል እኛ ከነሱ በተሻለ እናየዋለን። ከመስቀል በኋላ ሰማዩ ሲጠራ፣ ጨረቃ በሌለችበት ምሽት ከአንድ ሰዓት ተኩል ጀምሮ መብራት ከሌለበት ሜዳ ላይ ቆሞ ወደ ላይ ያየ ሰው፣ ፍኖተ ሐሊብ ከሰሜን በአናት በኩል አልፎ ወደ ደቡብ ምዕራብ ሲወርድ፣ በመካከሉም ለሁለት የሰነጠቀው የሚመስል ጥቁር ጎዳና ይመለከታል። ወደ ገጠር ትምህርት ቤት የምትመደቡ ሠልጣኞች ይህን ለተማሪዎቻችሁ ለማሳየት ምንም መሣሪያ አያስፈልጋችሁም።

ታዲያ ጥቁሩ ምንድነው? ዊልያም ሄርሼል በ18ኛው ምዕት ዓመት እነዚህን ቦታዎች አይቶ በሰማይ ላይ ያሉ ቀዳዳዎች አድርጎ ተመለከታቸው። ባርናርድም ለብዙ ዓመት በዚሁ ጸና። ከዋክብት በሌሉበት ባዶ ቦታ አለ፤ በባዶው በኩል ወዲያ ማዶ ያለውን ጨለማ እናያለን ማለት ነው። ለዓይን ደግሞ ይህ ይበልጥ ያሳምናል። በ1890ዎቹ እንግሊዛዊው ራንያርድ የባርናርድን ፎቶግራፎች መርምሮ፣ ጥቁሮቹ ቀዳዳ ሳይሆኑ ከኋላቸው ያለውን ብርሃን የጋረዱ አካላት ናቸው የሚል ሐሳብ አቀረበ። ፎቶግራፉን ያላነሣው ሰው፣ ፎቶግራፉን ካነሣው ሰው ቀድሞ አየ። ባርናርድ አልተቀበለውም።

የራንያርድ አስተያየት ክብደት ያለው ሲታሰብ ነው። ከዋክብቱ በርቀት ተደራርበው በጥልቅ የተዘረጉ ከሆኑ፣ ቀዳዳ እንዲታየን ከተፈለገ ባዶው ቦታ ከቅርብ እስከ ሩቅ ድረስ እንደ ቧንቧ ተዘርግቶ፣ አፉም በትክክል ወደ እኛ ወደ መሬት መዞር አለበት። አንድ እንዲህ ያለ ቧንቧ ቢኖር እሺ። መቶና ከዚያ በላይ ቧንቧ ሁሉ አፉን ወደ እኛ ያዞረው በምን ምክንያት ነው? የመሬት ምስጢር ካልሆነ በቀር መልስ የለውም።

ባርናርድ ግትር ሆኖ አይመስለንም። ከዓይኑ ያለፈውን ለመናገር የማይደፍር ሰው ነበር፤ የንድፈ ሐሳብ ሰው እንዳልሆነም ያውቃል፤ የኒውኮም ምክር ያኔም ሳይሰማው አልቀረ ይሆናል። ነገር ግን የራሱ መስታወቶች ዕረፍት ነሡት። በ1905 በዊልሰን ተራራ ባነሣቸው፣ በተለይም ሮ ኦፊዩኪ በምትባለው ኮከብ አካባቢ፣ ደብዛዛ ብርሃን ያለው ደመና ቀስ በቀስ እየጠቆረ ወደ ጨለማው ጎዳና ሲቀላቀል ይታያል። ቀዳዳ ከደመና ጋር እንዲህ ቀስ ብሎ አይቀላቀልም። በጽሑፎቹ ውስጥ ቀዳዳ የሚለው ቃል እየቀነሰ ሄዶ የጥርጣሬ ቃላት ይገቡ ጀመር።

ጥርጣሬውን የቆረጠለት የሰማይ ሳይሆን የምድር ደመና ነው። በ1913 በጋ፣ ጨረቃ የሌለችበት እጅግ የጠራ ሌሊት፣ በብሩስ ካሜራ ደቡባዊውን ፍኖተ ሐሊብ ሲያነሣ ጥቃቅን የዝናብ ያልሆኑ ደመናዎች በሰማዩ ላይ ተበታትነው ይንሳፈፉ ነበር። ቀና ብሎ ተመለከተ። ከብሩሁ የከዋክብት ክምር ፊት የሚያልፈው ደመና ሁሉ ጥቁር ሆኖ፣ ጠርዙ ተለይቶ ይታየዋል፤ ብርሃን ወደሌለበት ሰማይ ሲያልፍ ደግሞ ይሰወራል። በመስታወቶቹ ላይ ለሃያ አራት ዓመት ያያቸው ጥቁር ነጥቦች ቁርጥ ይሄንን ይመስሉ ነበር። ከበስተኋላው ብርሃን ካለ ጋራጁ ራሱን ያሳያል፤ ከሌለ አይታይም። እንግዲህ በጠቅላላው ሰማይ ውስጥ የማናየው ስንት ይሆን?

በ1919 የ182 ጥቁር ደመናዎችን ዝርዝር አሳተመ። ሁሉም ጋራጅ ናቸው አላለም፤ አብዛኞቹ ግን ጋራጅ እንደ ሆኑ ማመኑን ገለጸ። በ1930 በሊክ ኦብዘርቫቶሪ ይሠራ የነበረው ትራምፕለር በከዋክብት መካከል ያለው ብናኝ የሩቅ ከዋክብትን ብርሃን እንደሚያደበዝዝ በልኬት አረጋገጠ። ባርናርድ ግን ያኔ ሞቷል። ዛሬ ከነዚህ ጥቁር ደመናዎች ብዙዎቹ አዳዲስ ከዋክብት የሚፈጠሩባቸው ቀዝቃዛ የጋዝና የብናኝ ክምሮች መሆናቸው ይታወቃል። የፈረስ ራስ የምትመስለው ታዋቂዋ ደመና በሱ ዝርዝር 33ኛዋ ናት። 68ኛዋን ደግሞ ዓይን በማያየው የኢንፍራሬድ ብርሃን ሲያነሷት ከኋላዋ የተሸሸጉት ከዋክብት አንድ በአንድ ወጡ። ቀዳዳ ብትሆን ኖሮ ከኋላዋ ማን ይወጣ ነበር?

የመጨረሻዎቹን ዓመታት ፈጠን ብለን እንለፋቸው። በ1914 የስኳር በሽታ ያዘውና የሌሊት ሥራውን ለጊዜው እንዲተው ተገደደ። ሲሻለው ተመለሰ። በ1916 በ1894 የተነሣን መስታወት ከአዲሱ ጋር ሲያስተያይ በዓመት 10.3 የቅስት ሴኮንድ የምትጓዝ ደብዛዛ ኮከብ አገኘ። ከሷ የፈጠነ ኮከብ በሰማይ ላይ እስካሁን አልተገኘም። ከመሬት ርቀቷ ስድስት የብርሃን ዓመት ያህል ነው፤ በስሙ የባርናርድ ኮከብ ትባላለች፤ በ2024 ደግሞ በዙሪያዋ የምትዞር ፕላኔት መኖሯ ተገልጿል። በ1921 ሮዳ ሞተች። ልጅ አልነበራቸውም። እሱም ፌብሩዋሪ 6 ቀን 1923 በስድሳ አምስት ዓመቱ ዐርፎ በትውልድ ከተማው በናሽቪል ተቀበረ።

ያልጨረሰው ሥራ ነበረው። የመረጣቸውን የፍኖተ ሐሊብ ፎቶግራፎች በአትላስ መልክ ለማሳተም ብዙ ዓመት ሲደክም ኖሯል። የማተሚያ ማሽን ደብዛዛውን ነገር ያጠፋዋል ብሎ ስለ ሠጋ እያንዳንዱ ቅጂ እውነተኛ የታጠበ ፎቶግራፍ እንዲለጠፍበት ወሰነ። 700 ቅጂ፣ በእያንዳንዱ 51 ፎቶግራፍ፣ በድምሩ 35,700 ማለት ነው። ሁሉንም በዓይኑ እየመረመረ፣ የደበዘዘውን እየጣለ፣ እንደገና እያሳጠበ አለፈባቸው። የፎቶ ቤት አመሉ እስከ መጨረሻው አልለቀቀውም። ከ50ዎቹ የሰማይ ገጾች 40ው በ1905 በዊልሰን ተራራ የተነሡት ናቸው። ጽሑፉና የጥቁር ደመናዎቹ ሠንጠረዥ ግን እሱ ሲሞት ገና በእንጥልጥል ነበር።

አትላሱን የጨረሱት ሁለት ሰዎች ናቸው። አንደኛው የኦብዘርቫቶሪው ዳይሬክተር ኤድዊን ፍሮስት ነው፤ ፍሮስት ግን በዚያን ጊዜ የሁለቱም ዓይኖቹ ብርሃን ጠፍቶ ስለ ነበር ስለ ፎቶግራፎቹ ያሰናዳውን መጽሐፍ ማየት አይችልም ነበር። ሁለተኛዋ የሮዳ የወንድም ልጅ ሜሪ ካልቨርት ናት፤ ከ1905 ጀምሮ የባርናርድ ረዳት ሆና ስትሠራ ቆይታለች። ከ340 በላይ የሆኑትን ጥቁር ደመናዎች ቦታ በመስታወቶቹ ላይ እየለካች፣ ቁጥር እየሰጠች፣ ካርታቸውን አዘጋጀች። መጽሐፉ በሁለት ክፍል ሆኖ በ1927 ወጣ።